የማመሳከሪያ ኤሌክትሮድ አመራረጥና አያያዝ በብረታ ብረት የዝገት ልኬት

በዝገት ጥናት መዝገብ ላይ «የናሙናው ፖቴንሻል −0.650 ቮልት ነው» ተብሎ ብቻ የተጻፈ ውጤት፣ መነሻው ሳይነገር «ቦታው 12 ኪሎ ሜትር ይርቃል» እንደማለት ነው። ቁጥሩ በትክክል የተነበበ ሊሆን ይችላል፤ ከምን አንጻር እንደተለካ ካልታወቀ ግን ማንም ሊሠራበት አይችልም። በካሎሜል ኤሌክትሮድ የተለካ −0.650 ቮልትና በመዳብና መዳብ ሰልፌት ኤሌክትሮድ የተለካ −0.650 ቮልት በመካከላቸው የ75 ሚሊቮልት ልዩነት አለ፤ ይህም ልዩነት አንድን የተቀበረ ቧንቧ ከዝገት ተጠብቋል ወይም አልተጠበቀም ለማሰኘት ይበቃል።

በዚህ ሥራ ላይ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ናሙናውን በመሞረድና በማጠብ፣ ሙሙቱንም (ናሙናው የሚነከርበትን ፈሳሽ) በጥንቃቄ በመመጠን ነው፤ ማመሳከሪያው ኤሌክትሮድ፣ ማለትም የናሙናው ፖቴንሻል የሚለካበት መነሻ፣ ግን ከመሳቢያ ወጥቶ፣ ጫፉ እንኳ ሳይታይ፣ በቀጥታ ቢከሩ ውስጥ ይገባል። የንባቡ ግማሽ የእሱ እንደመሆኑ፣ ይህ መመሪያ ከናሙናው ይልቅ ለማመሳከሪያው ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል።

ቮልት መለኪያው የሚያነበው ምኑን ነው?

አንድ የዚንክ ዘንግ ውሃ ውስጥ ሲነከር፣ ከገጹ ላይ ያሉ አንዳንድ አቶሞች ኤሌክትሮኖቻቸውን በዘንጉ ውስጥ ትተው አዮን በመሆን ወደ ውሃው ይወጣሉ፤ ከአዮኖቹም አንዳንዶቹ ተመልሰው ኤሌክትሮን ይቀበሉና ገጹ ላይ ያርፋሉ። መውጣቱና መመለሱ እኩል ሲሆኑ በዘንጉና በፈሳሹ መካከል የተወሰነ የፖቴንሻል ልዩነት ይፈጠራል። ይህን ልዩነት ግን ለብቻው መለካት አይቻልም፤ ምክንያቱም የቮልት መለኪያው አንዱ ሽቦ ዘንጉን ሲነካ ሌላው ሽቦ ፈሳሹን መንካት አለበት፣ ፈሳሹን የነካው ሽቦ ደግሞ ራሱ ብረታ ብረት ስለሆነ የራሱን ልዩነት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ በመለኪያው ላይ የሚታየው ሁልጊዜ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ሁሉም በአንድ ቋንቋ እንዲነጋገር በስምምነት ዜሮ የተባለው መደበኛው የሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ ነው። ይህም በጥቁር የፕላቲኒየም ብናኝ የተሸፈነ ፕላቲኒየም፣ የሃይድሮጅን አዮን ውጤታማ ክምችቱ 1 በሆነ አሲድ ውስጥ ተነክሮ፣ በ1 ባር ግፊት የሃይድሮጅን ጋዝ እንዲያልፍበት የሚደረግ ነው። ከዚህ ዜሮ አንጻር በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማግኒዥየም መደበኛ ፖቴንሻል −2.37፣ የአሉሚኒየም −1.66፣ የዚንክ −0.76፣ የብረት −0.44፣ የኒኬል −0.26፣ የእርሳስ −0.13፣ የመዳብ +0.34፣ የብር ደግሞ +0.80 ቮልት ነው። ቁጥሩ ወደ ኔጋቲቭ በሄደ መጠን ብረታ ብረቱ ኤሌክትሮን ለቆ ወደ አዮንነት የመለወጥ ዝንባሌው ይበረታል።

ይህን ዝርዝር እንደ ዝገት ደረጃ ሰንጠረዥ መውሰድ ግን ያሳስታል። ዝርዝሩ የሚሠራው ለንጹህ ብረታ ብረት፣ ያውም የራሱ አዮን በውጤታማ ክምችት 1 ልክ በሚገኝበት ሙሙት ውስጥ ነው። አሉሚኒየም በዝርዝሩ ላይ ከብረት በእጅጉ ዝቅ ብሎ ሳለ በዝናብና በአየር ውስጥ ከብረት የተሻለ የሚቆየው፣ ገጹን ቀጭን የኦክሳይድ ሽፋን ስለሚያለብሰው ነው፤ ስለ ሽፋኑ ደግሞ መደበኛው ፖቴንሻል የሚናገረው ነገር የለም።

የአዮኑ ክምችት ሲለወጥ ፖቴንሻሉ እንዴት እንደሚለወጥ የሚነግረን ዋልተር ኔርንስት ያስቀመጠው ቀመር ነው። ቀመሩ በ25 ዲግሪ ሲጻፍ፣ መደበኛው ፖቴንሻል ላይ የሚደመረው 0.0592 ለሚለዋወጡት ኤሌክትሮኖች ብዛት ተካፍሎ በአዮኑ ውጤታማ ክምችት ሎጋሪዝም የተባዛው ነው። ለምሳሌ በውሃው ውስጥ ያለው የብረት አዮን አንድ ሚሊዮንኛ ሞላር ብቻ ቢሆን፣ ሎጋሪዝሙ −6፣ ኤሌክትሮኖቹም ሁለት ስለሆኑ፣ −0.44 ላይ −0.178 ተደምሮ −0.618 ቮልት ይሆናል። ለሃይድሮጅን ደግሞ ፖቴንሻሉ ፒኤች በአንድ በጨመረ ቁጥር 0.0592 ቮልት ይወርዳል፤ ፒኤች 7 ላይ −0.414 ቮልት ነው። ኦክስጅን ወደ ውሃ የሚለወጥበት ፖቴንሻል ከ1.229 ተነስቶ በዚያው መጠን ይወርድና ፒኤች 7 ላይ +0.815 ቮልት አካባቢ ያርፋል። የቤልጂጉ ተመራማሪ ማርሴል ፑርቤ እነዚህን መስመሮች በአንድ ገጽ ላይ አሰባስቦ፣ ብረታ ብረቱ የትኛው ፖቴንሻልና ፒኤች ላይ እንደማይነካ፣ የት እንደሚሟሟ፣ የትስ ላይ በሽፋን እንደሚከለል የሚያሳየውን ካርታ ሠርቷል።

አሁን አንድ የብረት ናሙና በጨው ውሃ ውስጥ ተነክሮ በሃይድሮጅን ሚዛን −0.409 ቮልት ተነበበ እንበል። ቁጥሩ የብረቱም የኦክስጅኑም የራሱ ፖቴንሻል አይደለም፤ በ−0.618 እና በ+0.815 መካከል የሚገኝ ነው። ካርል ቫግነርና ቪልሄልም ትራውድ በ1938 እንዳስረዱት፣ በሚዝግ ገጽ ላይ የብረቱ መሟሟትና የኦክስጅኑ ኤሌክትሮን መቀበል በአንድ ጊዜ ይካሄዳሉ፤ ገጹም የሚሟሟው ብረት የሚለቀው ጅረትና ኦክስጅኑ የሚወስደው ጅረት እኩል የሚሆኑበትን ፖቴንሻል ይይዛል። የዝገት ፖቴንሻል የምንለው ይህን ድብልቅ ፖቴንሻል ነው። −0.409 ከሃይድሮጅኑ −0.414 ጋር እጅግ መቀራረቡ ግጥምጥሞሽ ብቻ ስለሆነ፣ «ሃይድሮጅን እየወጣ ነው» የሚል መደምደሚያ ሊወሰድበት አይገባም።

ማመሳከሪያውን መምረጥ

የሃይድሮጅኑ ኤሌክትሮድ የሁሉም ዜሮ ቢሆንም ጋዝ፣ ንጹህ አሲድና በቀላሉ የሚመረዝ ፕላቲኒየም ስለሚጠይቅ በዝገት ላቦራቶሪ ውስጥ እምብዛም አይገባም። በእሱ ፈንታ የሚመረጠው ፖቴንሻሉ የሚታወቅ፣ ጥቂት ጅረት ቢያልፍበት የማይናወጥ፣ ቢናወጥም ቶሎ ወደ ቦታው የሚመለስ ኤሌክትሮድ ነው።

ካሎሜል ኤሌክትሮድ ሜርኩሪ፣ የሜርኩሪ ክሎራይድ ለጥፍና ፖታሲየም ክሎራይድ የያዘ ነው። ሙሙቱ በጨው የጠገበ ሲሆን ፖቴንሻሉ በ25 ዲግሪ ከሃይድሮጅን አንጻር +0.241 ቮልት ነው። ለረጅም ዘመን የዝገት ውጤቶች የተጻፉት በእሱ ስለሆነ የቆዩ መረጃዎችን ለማነጻጸር ይመቻል፤ ሆኖም ሜርኩሪው መርዝ ነው፣ ከ50 ዲግሪ በላይም አይታመንም፣ ሙቀቱ ከፍ ብሎ ከተመለሰ በኋላ ወደ ትክክለኛ ፖቴንሻሉ የሚመለሰው በዝግታ ነው። አዲስ ሥራ ለሚጀምር ሰው በእኔ አስተያየት ካሎሜልን መግዛት አያስፈልግም።

ቦታውን እየያዘ ያለው የብርና ብር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ ነው። እዚህ ላይ ግን ትልቅ ወጥመድ አለ፤ በአንድ ስም የሚጠሩት ኤሌክትሮዶች ፖቴንሻላቸው አንድ አይደለም። ፖቴንሻሉን የሚወስነው ውስጡ ያለው የክሎራይድ ክምችት ስለሆነ፣ በጠገበ ፖታሲየም ክሎራይድ የተሞላው +0.197፣ በ3.5 ሞላር የተሞላው +0.205፣ ያለ ውስጣዊ ሙሙት በቀጥታ የባሕር ውሃ የሚነካው ደግሞ +0.25 ቮልት አካባቢ ነው። ስለዚህ «ብርና ብር ክሎራይድ» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም፤ የመሙያው ጨው ክምችት አብሮ መጻፍ አለበት። የባሕር ውሃ የሚነካው ዓይነት ጨዋማነቱ ወደሚለዋወጥ የወንዝ አፍ ከተወሰደ ፖቴንሻሉም አብሮ ይንሸራተታል፤ ክሎራይዱ በአሥር እጥፍ ሲቀንስ ኤሌክትሮዱ 59 ሚሊቮልት ያህል ከፍ ይላል።

ሙሙቱ ክሎራይድ እንዲገባበት የማይፈለግ ከሆነ ሁለቱም አይሆኑም። የአይዝጌ ብረት ናሙና ክሎራይድ በሌለው ሙሙት ውስጥ እየተጠና ሳለ ከኤሌክትሮዱ ጫፍ የሚያንጠባጥበው ፖታሲየም ክሎራይድ በገጹ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ሊያስጀምር ይችላል፤ አጥኚውም ራሱ ያመጣውን ጉድጓድ የናሙናው ጠባይ አድርጎ ይመዘግባል። ለእንዲህ ያለው ሥራ የሜርኩሪና ሜርኩሪ ሰልፌት ኤሌክትሮድ ተስማሚ ነው፤ በጠገበ ፖታሲየም ሰልፌት ሲሞላ ፖቴንሻሉ +0.64 ቮልት አካባቢ ነው። አለበለዚያም ፖታሲየም ናይትሬት ባረገዘ የአጋር ጄል የተሠራ የጨው ድልድይ በመካከል ይገባል።

በሜዳ ላይ ለተቀበሩ ቧንቧዎች፣ ለታንከሮችና ለኮንክሪት የሚያገለግለው የመዳብና መዳብ ሰልፌት ኤሌክትሮድ ሲሆን ፖቴንሻሉ +0.316 ቮልት ነው። ጠንካራ፣ ርካሽና በቀላሉ የሚጠገን ነው። ከናሙናው ጋር በአንድ ቢከር ውስጥ ግን ለረጅም ጊዜ መቀመጥ የለበትም፤ የሚያንጠባጥበው የመዳብ አዮን በብረት፣ በዚንክና በአሉሚኒየም ገጽ ላይ የመዳብ ቅንጣት ሆኖ ይለጠፍና ዝገቱን ያባብሳል። ከባሕር በታች ለዓመታት ለሚቆይ ክትትል ንጹህ ዚንክ ራሱ ማመሳከሪያ ሆኖ ያገለግላል፤ ትክክለኛነቱ ዝቅ ያለ ቢሆንም የሚሰበርና የሚፈስ ነገር የለውም።

ከሥራ በፊት መፈተሽ

የማንኛውም ላቦራቶሪ የመጀመሪያ ሥርዓት፣ ከናሙና ጋር ፈጽሞ የማይገናኝ አንድ ኤሌክትሮድ ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ይህ ዋና ኤሌክትሮድ የሚያገለግለው ሌሎቹን ለመፈተሽ ብቻ ሲሆን፣ የሚቀመጠውም እንደ መሙያው ባለ ሙሙት ውስጥ ነው። ሊሠራበት የታሰበው ኤሌክትሮድና ዋናው በአንድ ቢከር ፖታሲየም ክሎራይድ ውስጥ ጎን ለጎን ይነከራሉ፤ ዓይነታቸው አንድ ከሆነ በመካከላቸው የሚነበበው ከ3 ሚሊቮልት መብለጥ የለበትም። ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ቁጥሩ የማይረጋጋ ከሆነ፣ ኤሌክትሮዱ ይጠገናል እንጂ «ልዩነቱን እደምርበታለሁ» ተብሎ አይታለፍም፤ ዛሬ 12 ሚሊቮልት የሳተ ኤሌክትሮድ ነገ በምን ያህል እንደሚስት አይታወቅምና።

የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ምክንያቶች ነው። ውስጡ የአየር አረፋ ገብቶ ሙሙቱን ከጫፉ ሊለየው ይችላል፤ ይህ ከሆነ ኤሌክትሮዱን ቁልቁል ይዞ በጣት ቀስ ብሎ መታ መታ ማድረግ ይበቃል። የመሙያው ከፍታ ወርዶ ከሆነ ይሞላል፤ ከናሙናው ሙሙት ከፍታ ሁልጊዜ በላይ መሆን አለበት፣ አለዚያ ፍሰቱ ይገለበጥና የውጩ ሙሙት ወደ ውስጥ ይገባል። በጠገበ ዓይነት ውስጥ ያልሟሙ የጨው ቅንጣቶች መታየት አለባቸው፤ ካልታዩ ሙሙቱ ጠግቧል ማለት አይቻልም። ፈሳሽ የሚያሳልፈው የጫፉ መድፈኛ ከደረቀ ጨው ይጋገርበታል፤ በተጣራ ውሃ ውስጥ ቢቀመጥ ደግሞ ጨው ከውስጡ እየወጣ ይሳሳል። ትክክለኛው ማስቀመጫ መሙያውን የመሰለ የፖታሲየም ክሎራይድ ሙሙት ነው። ጨው ከጋገረበት ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ሰዓት አቆይቶ መልሶ ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ መክተት ብዙውን ጊዜ ይመልሰዋል።

የመድፈኛው መዘጋት ከሚታሰበው በላይ ያሳስታል። አንድ መልቲሜትር የውስጥ ሬዚስታንሱ 10 ሜጋኦም ቢሆንና የተዘጋው መድፈኛ ሬዚስታንስ 1 ሜጋኦም ቢደርስ፣ ከእውነተኛው ፖቴንሻል 11 እጅ ውስጥ 10ሩ ብቻ ይነበባል፤ −0.650 የነበረው −0.591 ሆኖ ይታያል። ንባቡ ጸጥ ያለ፣ የማይዋዥቅና አሳማኝ ስለሚሆን ስህተቱ በዓይን አይለይም። በንጹህ መድፈኛ የኤሌክትሮዱ ሬዚስታንስ በጥቂት ሺህ ኦም ስለሚቆጠር 10 ሜጋኦም ያለው መለኪያ ለብዙ ሥራ ይበቃል፤ ለከፍተኛ ሬዚስታንስ ሙሙትና ለደረቅ ኮንክሪት ግን ከዚያ የበለጠ ያስፈልጋል።

የመዳብ ሰልፌቱ ኤሌክትሮድ እንክብካቤው ቀላል ነው። የመዳቡ ዘንግ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ይታሻል፤ ቀደም ሲል ሌላ ብረታ ብረት የታሸበት ወረቀት ግን መጠቀም አይገባም። ቱቦው በተጣራ ውሃና በመዳብ ሰልፌት ይሞላል፤ ሰማያዊ ቅንጣቶች ሳይሟሙ ከታች እስኪቀሩ ድረስ ዱቄቱ ይጨመራል። የፀሐይ ብርሃን በቀጥታ ዘንጉ ላይ ሲያርፍ ፖቴንሻሉን በአሥር ሚሊቮልቶች ስለሚያንሸራትት፣ ግልጽ የሆነው መስኮቱ በጥቁር ፕላስተር ይሸፈናል። ሙቀትም ከ25 ዲግሪ በላይ በየዲግሪው 0.9 ሚሊቮልት ያህል ይጨምርበታል፤ በ40 ዲግሪ ሜዳ ላይ ይህ ወደ 14 ሚሊቮልት ነው። የጨዋማ አፈር ክሎራይድ ወደ ውስጥ ሰርጎ ከገባ ግን ማረሚያ ቁጥር የለውም፤ መሙያው ተደፍቶ በአዲስ ይተካል።

የብርና ብር ክሎራይድ ኤሌክትሮድ በእጅ መሥራትም ይቻላል። የንጹህ ብር ሽቦ በብርጭቆ ወረቀት ከተጠረገ በኋላ በውሃ በተበጠበጠ ናይትሪክ አሲድ ውስጥ ለቅጽበት ተነክሮ በተጣራ ውሃ ይታጠባል። ከዚያም በ0.1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ውስጥ ከኃይል ምንጩ ፖዘቲቭ ጫፍ ጋር ተያይዞ፣ ፕላቲኒየም ወይም ሌላ ብር በኔጋቲቭ በኩል ሆኖ፣ በየካሬ ሴንቲሜትር 1 ሚሊአምፔር ያህል ጅረት ለግማሽ ሰዓት ይሰጠዋል። ሽቦው ቀስ በቀስ ወደ ጥቁር ቡናማነት ወይም ወይን ጠጅ ወደሚመስል ግራጫ ይለወጣል፤ ሽፋኑ በቦታ በቦታ የሚያብረቀርቅ ብር ካስቀረ ሥራው እንደገና ይጀመራል። የመሙያው ፖታሲየም ክሎራይድ ክምችቱ ከፍ ባለ ቁጥር ብር ክሎራይድን ስለሚያሟሟ፣ አስቀድሞ በብር ክሎራይድ እንዲጠግብ ካልተደረገ ሽፋኑን ከሽቦው ላይ እየበላ ይጨርሰዋል። አዲሱ ኤሌክትሮድ አንድ ሌሊት አርፎ ከዋናው ጋር ከተመሳከረ በኋላ ብቻ ወደ ሥራ ይገባል።

ናሙናውን ማሰናዳትና ማንበብ

ናሙናው እስከ 600 ቁጥር ባለው የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ይታሻል፣ በአሴቶን ቅባቱ ይወገዳል፣ በተጣራ ውሃ ታጥቦ ይደርቃል። ሽቦ የተያያዘበት ቦታ ፈሳሹን ፈጽሞ መንካት የለበትም፤ መዳብ ሽቦና ብረት አብረው ከተነከሩ የሚለካው የሁለቱ ጥምር ፖቴንሻል ነው። በሬንጅ ወይም በኢፖክሲ የተሸፈነ ጠርዝ ካለ፣ ሽፋኑ ሥር ሙሙት የሚሰርግበት ስንጥቅ እንዳይኖር ይፈተሻል፤ በተለይ ለአይዝጌ ብረት ስንጥቁ ብቻውን ሙከራውን ያበላሻል።

ናሙናው ከመልቲሜትሩ ቀይ ማስገቢያ፣ ማመሳከሪያው ከጥቁሩ ጋር ይያያዛል። በዚህ አያያዝ የሚታየው ምልክት በቀጥታ የናሙናው ምልክት ነው። ገመዶቹ ተለዋውጠው እንደሆነ ለማወቅ ቀላሉ መንገድ በ3.5 በመቶ የጨው ውሃ ውስጥ የዚንክ ቁራጭ መንከር ነው፤ በካሎሜል −1.0 ቮልት አካባቢ ካልተነበበ፣ በተለይም ምልክቱ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ገመዶቹ ተገልብጠዋል። ይህን አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ፈተና በየጠዋቱ ማድረግ ልማድ ቢሆን መልካም ነው።

ከተነከረ በኋላ የመጀመሪያው ቁጥር ብዙ ዋጋ የለውም። ንባቡ በአንደኛው፣ በአምስተኛውና በሠላሳኛው ደቂቃ፣ ከዚያም በየሰዓቱ ተወስዶ ከጊዜ ጋር በግራፍ ይሳላል። ተራ ብረት አየር ባለበት የጨው ውሃ ውስጥ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደ ኔጋቲቭ እየወረደ ይሄድና በካሎሜል ሚዛን በ−0.60 እና በ−0.70 መካከል ይረጋጋል፤ በአየር ላይ የያዘው ሽፋን እየተበላ መሆኑን ያሳያል። አይዝጌ ብረት በአንጻሩ ሽፋኑ እየጠነከረ ሲሄድ ቀስ እያለ ወደ ፖዘቲቭ ይወጣል። ፖቴንሻሉ ድንገት ወርዶ ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ጉድጓድ ተጀምሮ እንደዳነ መገመት ይቻላል። የቁልቁለቱና የዳገቱ ቅርጽ ከመጨረሻው ቁጥር ይልቅ ብዙ ጊዜ የበለጠ ይናገራል።

ቁጥሩን ከአንዱ ሚዛን ወደ ሌላው መለወጥ መደመርና መቀነስ ብቻ ነው፤ የሚያሳስተው አቅጣጫው ነው። ወደ ሃይድሮጅን ሚዛን ለመሄድ የማመሳከሪያው ፖቴንሻል ይደመራል፤ ከሃይድሮጅን ወደ ሌላ ማመሳከሪያ ለመሄድ የዚያው ማመሳከሪያ ፖቴንሻል ይቀነሳል። በካሎሜል −0.650 የተነበበው፣ −0.650 + 0.241 = −0.409 ቮልት በሃይድሮጅን ነው። ይህ በጠገበ ብርና ብር ክሎራይድ −0.409 − 0.197 = −0.606፣ በመዳብ ሰልፌት ደግሞ −0.409 − 0.316 = −0.725 ቮልት ይሆናል። በሪፖርት ላይ ግን መጀመሪያ የሚጻፈው በእጅ የተነበበው ቁጥር ከነማመሳከሪያው፣ ከነመሙያው ክምችትና ከነሙቀቱ ነው፤ የተለወጠው ከሱ ቀጥሎ ይመጣል፣ ስህተት ቢኖር ወደ ኋላ ተመልሶ ለማረም ያስችላልና።

ጅረት ሲያልፍ

እስካሁን የተባለው ሁሉ ናሙናው በራሱ ሲዝግ፣ ከውጭ ጅረት ሳይሰጠው ነው። በፖቴንሺዮስታት (የናሙናውን ፖቴንሻል በተፈለገው ልክ እየያዘ ጅረቱን በሚለካ መሣሪያ) ሲሠራ ግን በሙሙቱ ውስጥ የሚያልፈው ጅረት ራሱ ቮልት ይበላል፤ በናሙናውና በማመሳከሪያው ጫፍ መካከል የተበላው ሁሉ የናሙናው ፖቴንሻል መስሎ ይነበባል። መጠኑን ማስላት አይከብድም፤ ጅረቱ በካሬ ሴንቲሜትር፣ የሙሙቱ ሬዚስቲቪቲ (ጅረትን የመቋቋም ባሕርዩ) እና ርቀቱ ይባዛሉ። በ3.5 በመቶ የጨው ውሃ ሬዚስቲቪቲው 20 ኦም ሴንቲሜትር አካባቢ ስለሆነ፣ 1 ሚሊአምፔርና 2 ሚሊሜትር ርቀት 4 ሚሊቮልት ብቻ ያስከትላሉ። ሬዚስቲቪቲው 2000 ኦም ሴንቲሜትር በሆነ የቧንቧ ውሃ ግን ያው ርቀት 400 ሚሊቮልት ነው፤ እንዲህ ያለ ግራፍ የብረቱን ሳይሆን የውሃውን ጠባይ ያሳያል።

ለዚህ የተዘጋጀው የሉጊን ካፒላሪ የሚባለው ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ ነው። ማመሳከሪያው በቱቦው ውስጥ ሆኖ ጫፉ ብቻ ወደ ናሙናው ይጠጋል። ጫፉ ከቱቦው ውጫዊ ዲያሜትር ሁለት እጥፍ ያህል ይርቃል፤ ከዚያ ቢቀርብ ናሙናውን ከጅረቱ ይከልለዋል፣ ቢርቅ ደግሞ የሚበላው ቮልት ይጨምራል።

ፖቴንሻል የዝገትን ዝንባሌ እንጂ ፍጥነቱን አይነግርም። ፍጥነት የሚገኘው ናሙናውን ከዝገት ፖቴንሻሉ ወዲህና ወዲያ በ10 ሚሊቮልት ብቻ በማነቃነቅ፣ የፖቴንሻሉን ለውጥ ለጅረቱ ለውጥ በማካፈልና ተመራማሪዎቹ ስተርንና ጊሪ በ1957 ባወጡት ቀመር በማስላት ነው። የማካፈሉ ውጤት 2600 ኦም ካሬ ሴንቲሜትር ቢሆንና የቀመሩ ቋሚ ቁጥር ለሚዝግ ብረት የተለመደው 26 ሚሊቮልት ቢወሰድ፣ የዝገቱ ጅረት በካሬ ሴንቲሜትር 10 ማይክሮአምፔር፣ ማለትም በዓመት 0.116 ሚሊሜትር ብረት ይሆናል።

በሜዳ ላይ

ለተቀበረ የብረት ቧንቧ ካቶዳዊ መከላከያ (ጅረት በመስጠት የብረቱን ፖቴንሻል ወደ ኔጋቲቭ አውርዶ ከዝገት መጠበቅ) የተለመደው መስፈርት በመዳብ ሰልፌት ኤሌክትሮድ −0.850 ቮልት ወይም ከዚያ የበለጠ ኔጋቲቭ ነው። ኤሌክትሮዱ በቀጥታ ከቧንቧው በላይ፣ ሣርና ድንጋይ ተጠርጎ፣ አፈሩ በውሃ ረጥቦ ይቀመጣል። መከላከያው በርቶ ሳለ የሚነበበው ቁጥር በአፈሩ የተበላውን ቮልት ስለሚጨምር ከእውነተኛው የበለጠ ኔጋቲቭ ይመስላል፤ ለዚህ ጅረቱ በቅጽበት ተቋርጦ፣ ከተቋረጠበት ጊዜ በኋላ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚታየው ንባብ ይወሰዳል። በርቶ −1.100 የተነበበ ቧንቧ ሲቋረጥ −0.790 ሆኖ ቢገኝ አልተጠበቀም። ሃምፍሪ ዴቪ በ1824 የመርከብ መዳብ ከዝገት እንዲድን የዚንክና የብረት ቁራጭ ያያዘበት ዘዴ ከዚሁ አይለይም፤ ያኔ ያልነበረው እንዲህ ያለው የመለኪያ መስፈርት ነው።

በኮንክሪት ውስጥ ላለ ፌሮ የሚያገለግለው የአሜሪካው የደረጃ አውጪ ድርጅት ኤኤስቲኤም ሲ 876 ያለው አሠራር ነው። በአንድ ቦታ ኮንክሪቱ ተፈልፍሎ ፌሮው ይገለጣል፣ ከዝገት ታሽቶ ከመለኪያው ቀይ ገመድ ጋር ይታሰራል። ራቅ ብሎ ሌላ ፌሮ ተገልጦ ከመጀመሪያው ጋር በኤሌክትሪክ መገናኘቱ ይረጋገጣል፤ ካልተገናኘ በዚያ ክልል ያለው ንባብ ትርጉም የለውም። ኤሌክትሮዱ በረጠበ ስፖንጅ ላይ ቆሞ በመስመር እየተዘዋወረ ይነበባል። በመዳብ ሰልፌት ሚዛን ከ−0.200 ቮልት የበለጠ ፖዘቲቭ ከሆነ ዝገት የሌለበት ዕድል ከ90 በመቶ በላይ፣ ከ−0.350 የበለጠ ኔጋቲቭ ከሆነ ዝገት ያለበት ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ነው፤ በመካከል ያለው እርግጠኛ አይደለም። እኔ ከነጠላ ቁጥሮቹ ይልቅ በካርታው ላይ ያለውን ልዩነት አምናለሁ፤ በአንድ ሜትር ውስጥ በ150 ሚሊቮልት የሚወርድ ቦታ፣ ሁሉም ወጥ ሆኖ −0.300 ካለበት ቦታ ይልቅ ለመፈልፈል ቅድሚያ ይገባዋል።

ውሃ የጠገበና ኦክስጅን የማይደርሰው ኮንክሪት ግን ለብቻው ይታያል። በውሃ ሥር ያለ የምሰሶ መሠረት −0.700 ቮልትና ከዚያም በታች ሊነበብ ይችላል፤ በሰንጠረዡ ሲታይ የከፋ ዝገት ይመስላል። በእርግጥ ግን ኤሌክትሮን የሚቀበል ኦክስጅን ስለሌለ ድብልቁ ፖቴንሻል ወደ ብረቱ የራሱ ፖቴንሻል ተጠግቷል፣ የዝገቱም ጅረት እጅግ አንሷል። በእንዲህ ያለ ቦታ ኮንክሪቱን ለማፍረስ ከመወሰን በፊት የዝገቱን ፍጥነት ከላይ በተገለጸው ዘዴ መለካት፣ ካልተቻለም ከውሃው መስመር በላይ ያለውን ክፍል ለብቻው ማንበብና ሁለቱን በተለያየ ካርታ ላይ ማስፈር ይሻላል።